ስለ ቁም ሳጥኑ የጠየቅሽኝ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 18 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርንኖ ስሰማው አጠገብሽ ሆኜ ጀርባሽን ባሸሁልሽ ብዬ ተመኘሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለኛል እንጂ ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ በኋላ ይፍታታል። እበላለሁ ወይ ብለሽ በየጊዜው አትጨነቂ፤ እበላለሁ።

ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያነሳሽውን ፎቶ አየሁት። መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱንም ቆርቆሮውንም አንድ በአንድ አየሁ። “ቁም ሳጥኑ ሲደርሰኝ የቱን ልግዛለት?” ብለሻል። አባትሽ ቢኖር ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥ ነበር። እኔ የማውቀው ከእሱ አጠገብ ቆሜ ስወለውል የለመድኩትን ነው፤ እሱን ልንገርሽ።

የሚረጨውን ተይው። ለጊዜው እንደ መስታወት ያበራል፤ ግን የሆነ ቅባት እንጨቱ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ሲደራረብ ደግሞ አቧራውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። አንድ ቀን የሚያድስ ባለሙያ ብትፈልጊለት በዚያ ላይ ምንም ነገር አይይዝለትም። ሎሚ የተሳለበት ጠርሙስ ሽታው ደስ ይል ይሆናል፤ እንጨት ግን በጥሩ ሽታ አይጸዳም። ሆምጣጤና የሳሙና ውሃ አጠገቡ አይድረስ። በክብ ቆርቆሮ ያለውን፣ የንብ ሰም የሚለውን ያዢ። ከመግዛትሽ በፊት ጀርባውን አንብቢው፤ ንብ የሳለ ሁሉ ሰም አይደለም። መጀመሪያ ሰው በማያየው ቦታ፣ በኋላ እግሩ ላይ፣ በጣትሽ ጫፍ ሞክሪውና አንድ ቀን ጠብቂ። ቀለሙ ካልተቀየረ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ፈልጊና በስሱ ቀቢው፤ ቆይተሽ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እሺው። በዓመት አንዴ ይበቃዋል። ይህ እንጨት አያትሽ ከገዙት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሰም ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ገላው እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፣ የጎደለው ነገር አልነበረም። የነሐሱን እጀታ ማጽዳት ካማረሽ ደግሞ ከእንጨቱ ፈትተሽ አውጪው፤ የነሐስ ማጽጃ እንጨት ያጠቁራል።

በፎቶው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠርሙስ ግን እንዳትነኪያት። የተልባ ዘይት የምትለዋን። ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስቀደው የሰነበትኩት በእሷ ምክንያት ነው። ተቀምጠሽ አንብቢው። ሥራ ላይ ከሆንሽ እጠፊውና ቤትሽ ስትገቢ አንብቢው።

ልጄ፣ ዘበኛው ተፈቷል። ያስፈታሁት እኔ ነኝ።

አጎትሽ ሳይደውልልሽ አይቀርም፤ ካልደወለም ይደውላል። ከእሱ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። በቀብሩ ሰሞን በስልክ “እዚያው እስር ቤት ይበስብስ” ስትይ እኔ ዝም አልኩ። አንቺ ዝምታዬን እንደ መስማማት ወሰድሽው። ያን ጊዜ አፌ የሚከፈት አልነበረም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አሁን ግን የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የዚያን ቀን ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ከአባትሽ ጋር ነበርኩ። ጭነቱ በማግስቱ ሊሄድ ስለሆነ ቁም ሳጥኑን ለመጨረስ ተጣድፈን ነበር። በሮቹን እሱ፣ ጎንና ጎኑን እኔ፣ ዘይቱን በጨርቅ እየነከርን ስናሽ አረፈድን። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የሰም ሰው እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘይት የሚነካው ሰው ለምኖት ሲሆን ነው፤ ያኔም ጨርቁን የሚጠብቀው እንደ እባብ ነበር። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ውስጥ ውስጡን እየሞቀ ሄዶ በራሱ እሳት ይይዛል እያለ ያልሰበከው ሰው አልነበረም። ሥራ ሲጨርስ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ ሽቦው ላይ ያሰጣቸው ነበር። ጎረቤታችን በያጁ ሁልጊዜ “ሰውዬው ዛሬም የውስጥ ሱሪውን አጥቦ ዋለ” ብሎ ይስቅበት ነበር። ትዝ ይልሻል መቼም።

የዚያን ቀን አላሰጣቸውም። ቁም ሳጥኑን ጋሪ ላይ ሲጭኑት ግርግር ሆነ፤ አንዱ ተሸካሚ የሳጥኑን እግር ከበሩ ጠርዝ ጋር አጋጨውና አባትሽ ተናደደ። ከመሬቱ ላይ ጨርቆቹን ጠቅልሎ አነሳና ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ አጨቃቸው። እኔ አይቻለሁ። “ጨርቁን አላሰጣኸውም” አልኩት። “አሰጣዋለሁ፣ አንቺ ከጋሪው ጋር ሂጂ፣ እነዚህን ሰዎች አላምናቸውም” አለኝ። የታችኛው መሳቢያ ገና እርጥብ ስለነበር እሱን እየጠበቀ ሊቀር ነው። ብርድ ልብስ በቁም ሳጥኑ ላይ ጣል አደረግሁና ከጋሪው ጋር ወደ ቤት ወጣሁ። በሩ ጋ ዞር ስል የመሳቢያውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ እንደዚያ ነው።

የቀረውን ከሌሎች የሰማሁት ነው። አቧራ መሳቢያው ላይ እንዳያርፍ በሩን ዘጋ። ምሳውን በላና እንደልማዱ ስፖንጁ ላይ ጋደም አለ። ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚወርደው የቀትር ሙቀት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ እሳቱ ሳይደርስበት ጭሱ ወስዶታል፣ አልተሰቃየም ብሎኛል። አመንኩት። አንቺም እመኚው።

መስኮቱን ሰብረው የገቡት ዘበኛው ነበሩ፤ ጋሽ ጉም። መቼም ሲጋራ ከአፋቸው ስለማይለይ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ጉም ይሏቸዋል። አባትሽን ጎትተው እስከ በሩ አድርሰውታል። እጃቸው የተቃጠለው ያኔ ነው። ሰዉ ሲሰበሰብ ግን መስኮቱ ሥር የሲጋራ ቁራጭ ተገኘ። ቁራጩ ለዓመታት እዚያው ሲጣል የኖረ ነው፤ ጋሽ ጉም ጥላ የሚፈልጉት ከዚያ መስኮት ሥር ነበር። የተቃጠለ እጃቸውን ያየ ሁሉ ደግሞ እሳቱን የለኮሰ እጅ ነው አለ። ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል ልጄ። አጎትሽ ፈለገ፣ አንቺ ፈለግሽ፣ እኔም የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። ምርመራ ይደረጋል፣ ምንም ሳይገኝ ይለቋቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

አንድ ቀን አጎትሽ መጣና ፊቱ በርቶ “አመነ እኮ” አለኝ። ማን ነው ያመነው ስለው ዘበኛው አለ። ሲጋራውን መርገጤን አላስታውስም፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ብሎ ፈርሟል አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ያላደረገውን አምኖ ፈረመ። ያን ካርቶን ደግሞ ከእኔ በቀር ያየ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም።

ለአጎትሽ እዚያው ነገርኩት። መጀመሪያ ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መሰለውና ውሃ አመጣልኝ። በኋላ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “ወንድሜ ስሙ ብቻ ነው የቀረው” አለኝ። “ያን ሁሉ ዘመን ጨርቅ አሰጡ እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው በገዛ ጨርቁ ተቃጠለ ሊሉት ነው። መሳቂያ ልታደርጊው ነው?”

“ዘበኛው በሕይወት አሉ” አልኩት።

“እሱስ ሞቷል” አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። አልፈርድበትም፤ ወንድሙ ነው። እንደ አባት ነው ያሳደገው።

አጎትሽ በንዴት ብዙ ነገር ሊልሽ ይችላል። ስለዚያ ስለላክሽው ፎቶም ሊያነሳብሽ ይችላል፤ የደበዘዘውን ዕቃ አንስተሽ “እዚህ የሚያብረቀርቅ አይወደድም፣ በዘይት ብቻ ነው የሚታሸው” ብለሽ የጻፍሽበትን ማለቴ ነው። አትስሚው። አባትሽ ያን ፎቶ አይቶ ስቆ ነው የተወው። ዘይት የቀባው እንጨቱ ስለደረቀበት ነው። ቃሌን ልሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ መርማሪውም ሲጠይቀኝ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ እንጨቱ ደርቆ ነበር አልኩት፣ እሱም እንደዚያው ጻፈው። አንቺንም የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እንጨቱ ደርቆ ነበር በይ። ለራስሽም ቢሆን እንደዚያው በይ።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ቃሌን ሰምቶ ጨረሰና ግንባሩን ማሸት ጀመረ። “እናቴ፣ ጨርቅ በራሱ ይነድዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም። ሰውዬው ደግሞ ፈርሟል” አለኝ። እንግዲያው እንየው አልኩት። አለቃውን አስፈቀደ። በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ዘይት ገዝቼ፣ የአባትሽን አሮጌ ሸሚዝ ቀዳድጄ ይዤ ሄድኩ። ከሸሚዙ ሌላ የጥጥ ጨርቅ ቤት ውስጥ አልነበረኝም።

ከጣቢያው ግቢ ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ጨርቁን ዘይት ነክሬ ልክ እሱ እንዳጨቀው ካርቶን ውስጥ አጨቅሁት። ዱካ ሰጡኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፖሊሶቹ ሲያልፉ ያዩኛል። አንዱ ልጅ እግር ፖሊስ የምሸጥ መስሎት ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ሌላው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሲነግረው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ምንም የለም። ካርቶኑ ካርቶን ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ተቀምጬ ምን እንደምለምን ግራ ገባኝ። ካልጨሰ ጋሽ ጉም እዚያው ይቀራሉ። ከጨሰ ደግሞ አባትሽን የገደለው የገዛ እጁ ነው። አንዴ ጭስ፣ አንዴ አትጭስ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። በዚያ ላይ የሸሚዙ ኮሌታ ከካርቶኑ አፍ ወጣ ብሎ ይታየኛል።

ቀትር ሲያልፍ እጄን ከላዩ ላይ አሳረፍኩ። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ራስ ሞቋል። ሽታው መጣ፤ የዚያን ቀን ልብሴ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ ሁሉ ነበር ያሉኝ ያ የመረረ ሽታ። ቀጥሎ ከመሃሉ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ብቅ አለ። መርማሪውን ጠራሁት። መጥቶ ከጎኔ ቁጢጥ አለ። ፖሊሶቹም ተሰበሰቡ፤ ቅድም ያየኝ ሁሉ አሁን ካርቶኑን ነው የሚያየው። አንዱ ባልዲ ይዞ ሊደፋበት ሲል “ቆይ” አልኩት። እሳት እስኪሆን ማየት ፈለግሁ። አባትሽ ተኝቶ ያላየውን አንድ ሰው እንኳ ማየት ያለበት መሰለኝ።

ነደደ። ከዚያ ውሃ ደፉበት። መርማሪው እጄን ይዞ ሲያስነሳኝ ጉልበቴ አልዘረጋ አለ። እስከ በሩ ሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ምልልስ ነበር፤ በእሱ አላደክምሽም። እሳቱ የተነሳው ከመስኮቱ በኩል ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር እንደሆነ ተረጋገጠ። ፈቷቸው። ሲወጡ ደጅ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ትከሻቸው ጎብጧል። እጃቸው በደንብ ስላልታከመ ጣቶቻቸው ተጣብቀው ነው የዳኑት፤ ጽዋ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። የግቢው ሰዎች ወደ ሥራቸው አልመለሷቸውም። ወረቀቱ ነጻ ናቸው ቢልም ሰው በልቡ የያዘውን ይዟል።

“ጋሼ፣ እርስዎ አላደረጉትም። ጨርቁ ነው” ብዬ ነገርኳቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ቆመው አዩኝና “እኔ ነኝ እንጂ። ፈርሜያለሁ እኮ” አሉኝ። በዚያ የምርመራ ክፍል ውስጥ ስንቴ እንደነገሯቸው እንጃ፤ ሰውዬው አምነውታል ልጄ። ሲጋራውን ሲጥሉ፣ ሳሩ ሲይዝ፣ መስኮቱ ሲነድ ያዩት ይመስላቸዋል። መስኮቱ ሥር ሳር እንኳ የለም።

በሐዘኑ ቀርቶ የነበረው ቁም ሳጥን በሚመጣው ሳምንት ይጫናል። ስትከፍቺው ከታች ባዶ ቦታ ታገኛለሽ፤ ሦስተኛው መሳቢያ የለም። እዚያው ቀርቷል። ሌላ ላሰራለት ብትይ አልቆጣሽም፤ ክፍት ቢሆንም ልብስ ይይዛል። የዘይቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም። እኔ በሮቹን ከፍቼ ሳናፍሰው ነው የከረምኩት፤ አንቺም ሲደርስሽ መስኮት ያለበት ክፍል አስቀምጪው። ወዲያው ሰም አትቀቢው፣ ይቆይ። ለጊዜው በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺለት። በዚህ ሁሉ ምክንያት አልፈልገውም፣ አትላኪው ካልሽም ጻፊልኝ፤ ይገባኛል። ብቻ ጻፊልኝ። ብትቆጪኝም ተቆጥተሽ ጻፊልኝ። ዝም እንዳትይኝ። እኔ አንቺን ማጣት አልችልም፤ ከዚህ ወዲያ ምንም ማጣት አልችልም።

ጋሽ ጉም በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ እዚህ ይመጣሉ። ሲጋራ ትተዋል። በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አልፈው አያውቁም። ሻይ አቀርብላቸዋለሁ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ሲጨርሱ “እትዬ፣ ያቺን ነገር እስቲ እንደገና ንገሪኝ” ይሉኛል። እኔም ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ። ጋሪው እንዴት እንደመጣ፣ አባትሽ ጨርቁን እንዴት ጠቅልሎ እንዳነሳ፣ ካርቶኑ የት እንደነበር፣ ምን እንዳልኩት፣ ምን እንዳለኝ። አንድ ነገር ከዘለልኩ ያስመልሱኛል። ስጨርስ “ታዲያ እኔ ያኔ የት ነበርኩ?” ብለው ይጠይቁኛል።

“በሩ ላይ ነበሩ፣ ጋሼ። ሥራዎ ላይ ነበሩ” እላቸዋለሁ።

“በሩ ላይ” ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያኔ ያምኑኛል። ፊታቸው ይላላል፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሳምንቱን ግን ማን ምን እንደሚላቸው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ ቅዳሜ ሲመለሱ ተመልሰው አቃጣዩ ሆነው ነው የሚመጡት። እንደገና እነግራቸዋለሁ። አባትሽን በየሳምንቱ እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ትቼው እወጣለሁ፣ በየሳምንቱ እሳቸውን በሩ ላይ አቆማቸዋለሁ። ሌላ የሚነግራቸው ሰው የለም።

ደብዳቤው ረዘመብሽ። ራስሽን ጠብቂ። ሞቅ ያለ ነገር ልበሺ፤ የመኝታ ቤትሽን መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርገሽ ተኚ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ሌሊትሽን እንቅልፍ ያድርግልሽ፤ ልብሽ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ እንዳይውል እሱ ይጠብቅልኝ። ያልሠራሽውን ብያለሁ፣ ልጄ። ደግመሽ አንብቢው።

በሩ እየተንኳኳ ነው፤ እሳቸው ናቸው። ተነስቼ ልክፈትላቸው።

እናትሽ